ይሉኝታ በበዛበት ቤት፦ ኡርሱላ በርንስ ከኢንተርን እስከ ዜሮክስ ዋና ሥራ አስፈፃሚ

አዲስ አበባ ውስጥ የትኛውም ወረዳ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ብትቆሙ ከፊታችሁ ፎቶ ኮፒ ቤት አይጠፋም። የመታወቂያ ኮፒ፣ የዲግሪ ኮፒ፣ የካርታ ኮፒ። ያለ ኮፒ የሚያልቅ ጉዳይ የለንም። ማሽኑ ወረቀት ሲይዝበት ልጁ ክዳኑን ይከፍታል፣ የተጨማደደውን ስቦ ያወጣል፣ መታ መታ ያደርግና መልሶ ያስነሳዋል። እኛ ሰልፍ ላይ ቆመን እንነጫነጫለን።

ያ ወረቀት ለምን እንደሚያዝ ማሰብ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የሜካኒካል ኢንጂነር ሥራ ነው። የዛሬዋ ባለጉዳያችን ኡርሱላ በርንስ የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ ውስጥ የገባችው በዚህ ሙያ ነው። በ1980 የክረምት ኢንተርን ነበረች። በ2009 የድርጅቱ ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሆነች። ፎርቹን 500 ከሚባሉት የአሜሪካ ግዙፍ ድርጅቶች አንዱን የመራች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት እሷ ናት። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ታሪኳን ብዙ ጊዜ የምንሰማው ባጭሩ ነው። ድሃ ሰፈር ተወለደች፣ ተማረች፣ ጣረች፣ ደረሰች። ውሸት የለበትም፤ መሃሉ ግን ተቆርጧል። እኔን የሚስበኝ ደግሞ መሃሉ ነው። ማን በር ከፈተላት? ስትናገር ማን ሰማት? ወንበሩ ላይ ከተቀመጠች በኋላስ ምን ሆነ?

ባሩክ ሃውስስ

ኡርሱላ በ1958 ኒውዮርክ ተወለደች። ያደገችው በማንሃተን ታችኛው ምሥራቅ፣ ባሩክ ሃውስስ በሚባል የመንግሥት ኪራይ ቤቶች ግቢ ውስጥ ነው። እናቷ ኦልጋ ከፓናማ የመጣች ስደተኛ ናት። ሦስት ልጆቿን ብቻዋን አሳደገች። ቤቷ ውስጥ የሰው ልጅ ትጠብቃለች፣ የሰው ልብስ ትተኩሳለች። የአንድ ሐኪም ቢሮም ታጸዳ ነበር። ክፍያው በገንዘብ አይደለም፤ ሐኪሙ ልጆቿን ያክምላታል። ኡርሱላ ካደገች በኋላ ደጋግማ እንደተናገረችው እናቷ በአንድ ዓመት ካገኘችው ሁሉ ትልቁ 4,400 ዶላር ነበር። በወር ሲካፈል 370 ዶላር አይሞላም።

ከዚህች ገንዘብ ላይ ነው እንግዲህ የካቶሊክ ትምህርት ቤት የሚከፈለው። ኦልጋ በዚህ ጉዳይ ድርድር አታውቅም። ሰፈሩ ሰፈር ነው፣ እናንተ ሌላ ናችሁ ትላቸዋለች። ልጅ ለማስተማር ስትል ራሷን የጎዳች እናት ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ስላልሆነች እዚህ ላይ ብዙ አላወራም።

ካቴድራል በሚባለው የሴቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለሴት ልጅ የሚታዩት መንገዶች ሦስት ነበሩ፦ መነኩሲት፣ መምህርት፣ ነርስ። ኡርሱላ ሦስቱም አልጣሟትም። የምትችለው ሒሳብ ነው። ቤተ መጻሕፍት ገብታ ሒሳብ ለሚችል ሰው ጥሩ የሚከፍለው የትኛው ሙያ እንደሆነ ፈለገች። ኬሚካል ኢንጂነሪንግ የሚል አገኘች። በቃ፣ እሱን እማራለሁ አለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሬዲዮ ስትፈታ አደገች የሚል ታሪክ ለሚጠብቅ ሰው ይሄ ደረቅ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እወደዋለሁ። ሙያ ሲመረጥ ደመወዝ ማየት ነውር ያልሆነበት ቤት ነው ያደገችው።

ብሩክሊን የሚገኘው የኒውዮርክ ፖሊቴክኒክ ተቀበላት። የኒውዮርክ ግዛት ከድሃ ቤተሰብ ለሚመጡ ተማሪዎች ያዘጋጀው የድጋፍ ፕሮግራም ውስጥ ነበረች። ኬሚካሉን ብዙም ሳትቆይ ተወችውና ወደ ሜካኒካል ዞረች። በ1980 የመጀመሪያ ዲግሪዋን ያዘች። በዚያው ክረምት ዜሮክስ በኢንተርንነት ወሰዳት። ቀጥሎ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ገብታ በ1981 በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ማስተርሷን ጨረሰች። ለማስተርሱ የረዳት ራሱ ዜሮክስ ነው። ከጥቁርና ከሌሎች አናሳ ማኅበረሰቦች የሚመጡ ኢንጂነሮችን የሚያስተምርበት ፕሮግራም ነበረው።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። አንድ የፎቶ ኮፒ ድርጅት ምን ነክቶት ነው እንዲህ ዓይነት ፕሮግራም ያቋቋመው?

በሩን ማን ከፈተው

ፎቶ ኮፒን የፈለሰፈው ቼስተር ካርልሰን የሚባል ሰው ነው። ጥቅምት 22 ቀን 1938 ኒውዮርክ ኩዊንስ፣ አስቶሪያ በሚባል ሰፈር የመጀመሪያዋን ኮፒ አወጣ። ወረቀቷ ላይ ያለው ቀኑና የሰፈሩ ስም ብቻ ነው። ከዚያ ከ20 በላይ ድርጅቶች ጋ ይዞት ዞረ፤ አይቢኤምንና ኮዳክን ጨምሮ ማንም አልፈለገውም። በመጨረሻ ሮቸስተር ከተማ ያለ ትንሽ ድርጅት ያዘለት። ያ ድርጅት ነው ኋላ ዜሮክስ የሆነው። በ1959 የወጣው 914 የሚባለው ማሽን ወደ 300 ኪሎ ገደማ ይመዝን ነበር። አንዳንዴ እሳት ስለሚነሳበት ከእሳት ማጥፊያ ጋር ነበር የሚሸጠው። እንደዚያም ሆኖ ዜሮክስን ሀብታም አደረገው።

ሐምሌ 1964 ሮቸስተር ውስጥ ሁከት ተነሣ። ከተማዋ በኮዳክና በዜሮክስ ሥራ ሞልታለች፤ ጥቁር ነዋሪዎቿ ግን ለዚያ ሥራ በሩ ተዘግቶባቸዋል። ቁጣው ለሦስት ቀን ነደደ። ብሔራዊ ዘብ ተጠራ። ከዚያ በኋላ ነዋሪዎቹ ተደራጅተው ድርጅቶቹን ቅጠሩን ማለት ጀመሩ። የዜሮክሱ መሪ ጆሴፍ ዊልሰን ከሰሙት ሰዎች አንዱ ነው። በ1968 እሱና ተተኪው ፒተር ማክኮሎ ለድርጅቱ ኃላፊዎች ሁሉ ደብዳቤ ጻፉ። ጥቁር ሠራተኞችን አጥብቃችሁ ፈልጉና ቅጠሩ የሚል ነው። ጥቁር ሠራተኞቹም ዝም ብለው አልጠበቁም። የራሳቸውን ስብስብ አቋቁመው ደመወዝና ዕድገት እኩል ይሁን ብለው ተከራከሩ።

የሮቸስተር ጎዳና ሲነድ ኡርሱላ 6 ዓመት አልሞላትም። ኒውዮርክ ከተማ ናት፤ ሮቸስተር የምትባል ቦታ መኖሯንም ላታውቅ ትችላለች። ግን ከ16 ዓመት በኋላ በኢንተርንነት የገባችበትን በር ያስከፈቱት እነዚያ ሰዎች ናቸው። «በራሷ ጥረት» ብለን ስንጽፍ እነሱን እንሰርዛቸዋለን። ጥረቷ ጥረት ነው፤ አልክድም። ጎበዝ ልጅ ግን ባሩክ ሃውስስ ውስጥ እሷ ብቻ አልነበረችም።

ሣጥኑ ውስጥ

ፎቶ ኮፒ ማሽን ከውጭ ሲያዩት ሣጥን ነው። ውስጡ ከበሮ የሚመስል ሲሊንደር አለ፤ በኤሌክትሪክ ይሞላል። ብርሃን ያረፈበት ቦታ ኤሌክትሪኩን ይለቃል፣ የጽሑፉ ጥላ ያረፈበት ይዞት ይቀራል። ደቃቁ የቶነር ዱቄት እዚያ ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ይሻገርና በሙቀት ቀልጦ ይጣበቃል። ፊዚክሱ ይሄ ነው።

የሜካኒካሉ ጣጣ ሌላ ነው። ወረቀት ጠባየ ብዙ ነው። እርጥበት ሲያገኘው ይጠቀለላል፣ አየሩ ሲደርቅ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከመቶ ወረቀት መሃል አንዱን ብቻ ነጥሎ፣ ሳያጣምም፣ በትክክለኛው ቅጽበት ከበሮው ጋር ማገናኘት አለብህ። ደግሞ በደቂቃ ብዙ ጊዜ። አንዷ ብትዘገይ ሁሉም ይቆማል። የዜሮክስ ሜካኒካል ኢንጂነሮች ዕድሜያቸውን የሚጨርሱት በእንዲህ ያለ ነገር ነው።

ኡርሱላ 1980ዎቹን እንዲህ ባለው ዓለም፣ በምርት ልማትና በዕቅድ ሥራ ላይ አሳለፈች። ጊዜው ለዜሮክስ ጥሩ አልነበረም። በ1975 መንግሥት የፈጠራ መብቶቹን ለተፎካካሪዎች እንዲያከራይ አስገድዶታል። የጃፓኖቹ ካኖንና ሪኮ ደግሞ አነስ ያለ፣ ረከስ ያለ፣ ቶሎ የማይበላሽ ማሽን ይዘው መጡ። ያልሞተው ጥራት ላይ ስለሠራ ነው። በ1989 የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን የማልኮም ባልድሪጅ የጥራት ሽልማት ወሰደ። ለአንዲት ወጣት ኢንጂነር ይሄ ጥሩ ትምህርት ቤት ይመስለኛል። ሁሉም ነገር ሲሳካ ከገባ ሰው ይልቅ ተፎካካሪ አናቱ ላይ ቆሞ የሠራ ሰው ብዙ ያያል።

በ1988 ሎይድ ቢንን አገባች። እሱም ዜሮክስ ውስጥ ሳይንቲስት ነበር፤ በ20 ዓመት ገደማ ይበልጣታል። ለወንድ አለቃ የማይቀርብ ጥያቄ ለሴት አለቃ ሁልጊዜ ይቀርባል፦ ሥራና ልጆች እንዴት አስታረቅሽ? እሷ በቀልድ ትመልሰው ነበር። ዘዴው በ20 ዓመት የሚበልጥ ባል ማግባት ነው ትላለች። ቀልዱ ውስጥ እውነት አለ። እሷ ሽቅብ በምትሮጥበት ጊዜ እሱ የራሱን ሩጫ ጨርሶ ነበር።

ሁለቱ ስብሰባዎች

አሁን ወደ መሃሉ ደረስን።

በ1989 የሠራተኞች ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ ጠየቀ። ድርጅቱ ጥቁሮችንና ሴቶችን ለመቅጠር የሚያደርገው ጥረት የቅጥር ደረጃችንን አላወረደውም ወይ? መድረኩ ላይ የነበረው ዌይላንድ ሂክስ የሚባል ከፍተኛ ኃላፊ ነው። ረጋ ብሎ፣ በጨዋ ቋንቋ መለሰ። ኡርሱላ ደሟ ፈላ። መልሱ ስህተት ሆኖ አይደለም። ጥያቄው በጨዋነት መልስ ሊሰጠው የሚገባ ጥያቄ መስሎ መታየቱ ነው ያናደዳት። ከተቀመጠችበት ተነሥታ ይሄንኑ ነገረችው። በሰው ፊት፣ በቁጣ።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሂክስ አስጠራት። ስትሄድ አለቀልኝ ብላ ሳይሆን አይቀርም የሄደችው። እሱ ግን በነገሩ ልክ ነሽ፣ አነጋገርሽ ግን ልክ አልነበረም አላት። ከዚያ አልፎ አልፎ መገናኘትና ማውራት ጀመሩ። በጥር 1990 ልዩ ረዳቴ ሁኚ የሚል ጥያቄ አቀረበላት።

ልዩ ረዳት! መጀመሪያ ላይ አልተዋጠላትም። ምህንድስና ተምራ፣ ማሽን ሠርታ፣ አሁን የሰው ቦርሳ ልትይዝ ነው? እኛ አገር የልዩ ረዳት ወንበር ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ግን ጥያቄውን ሲሰማ ፈገግ ይላል። ለወንበሩ ቅርብ የሆነ ሰው ሁሉን ይሰማል። ውሳኔ እንዴት እንደሚወለድ፣ ማን ማንን እንደሚፈራ፣ የበጀት ጠብ እንዴት እንደሚያልቅ ያያል። ኡርሱላ የንግድ ትምህርት ቤት አልገባችም። ትምህርት ቤቷ ይሄ ነበር።

ሁለተኛው ስብሰባ የሚመጣው ከዚህ ነው። ከሂክስ ጋር በየወሩ የበላይ ኃላፊዎች ስብሰባ ትገባለች። ጥግ ይዛ ትቀመጣለች። ፖል አሌር የሚባለው የድርጅቱ ፕሬዚዳንት በየስብሰባው ቅጥር ይቁም ይላል። ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ሲመጣ 1,000 ሰው ተቀጥሯል። እንደገና ቅጥር ይቁም ይባላል። እንደገና 1,000።

አንድ ቀን እጇን አወጣች። ነገሩ ግራ ገባኝ አለች። እርስዎ ቅጥር ይቁም ይላሉ፣ እኛ በየወሩ 1,000 ሰው እንቀጥራለን። ታዲያ ይቁም ብሎ በእውነት ሊያስቆመው የሚችለው ማነው?

አሌር አፍጥጦ አያትና ወደ ሌላ አጀንዳ አለፈ። ስብሰባው እንዳለቀ አስጠራት። አሁንም ልታባረር አይደለም። አሌር ከሂክስ ነጥቆ የራሱ ልዩ ረዳት ሊያደርጋት ነው። 1991 ነበር።

ኡርሱላ በኋላ አለቃ ስትሆን የዜሮክስን ችግር በአንድ አነጋገር ገልጻዋለች። እስከ ሞት የሚያደርስ ጨዋነት አለብን አለች። እኛ ይሄን ለመግለጽ ብዙ ቃል አያስፈልገንም፤ ይሉኝታ ይባላል። ዜሮክስ እንደ ቤተሰብ ነው ይባል ነበር። ቤተሰብ ውስጥ ደግሞ የአጎትን ስህተት ፊት ለፊት የሚናገር የለም። ዝም አይነቅዝም እያለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይወጣና ኮሪደር ላይ ያማል። 1,000ው ሰው በየወሩ የሚቀጠረው በዚህ ይሉኝታ ነው። ማንም ማንንም አስቀይሞ እምቢ ማለት አይፈልግም።

አፍ ያለው ጤፍ ይቆላል ይባላል። እኔ ግን ታሪኩን አፍ ስለነበራት ብቻ አላነብበውም። ያንኑ ጥያቄ በሌላ ቤት፣ ለሌላ አለቃ ብታቀርብ ወደ አንድ ቅርንጫፍ ተገፍታ ስሟን ላንሰማው እንችል ነበር። ሂክስም አሌርም በመጀመሪያው ቅጽበት አልወደዱላትም። አንዱ ወቀሳት፣ አንዱ አፈጠጠባት። ሁለቱም ግን አድረው አሰቡበት። በድፍረቷ የምናደንቃት ያህል እነዚህ ሁለት ሰዎች መጥራታቸውን መቁጠር አለብን።

ከ1992 ጀምሮ የራሷን ክፍሎች መምራት ጀመረች። የቢሮ ቀለም ማሽኖችና ፋክስ፣ ከኔትወርክ ጋር የሚሠሩ ኮፒ ማሽኖች፣ ሌሎችም። በ1999 የዓለም አቀፍ ማምረቻው ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች።

ጥያቄው ወደ ጠያቂዋ ተመለሰ

በ2000 ዜሮክስ ሊወድቅ ቀረበ። ዕዳው ከ17 ቢሊዮን ዶላር ያልፋል። በካዝናው የቀረው ጥሬ ገንዘብ 154 ሚሊዮን ነው። ከውጭ የመጣው ዋና ሥራ አስፈፃሚ ሪክ ቶማን አንድ ዓመት ገደማ ሠርቶ ተነሣ። በሂሳብ አያያዙ ላይ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ምርመራ ከፈተ፤ በ2002 ድርጅቱ 10 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ። ኡርሱላ ልትለቅ አስባ ነበር። ደረስኩ ስትል ቤቱ ሊፈርስ ሆነ። ተለምና ቀረች።

ወንበሩ ላይ የወጣችው አን መልኬሂ ናት። ከ1976 ጀምሮ ዜሮክስ ውስጥ የኖረች፣ ከሽያጭ የመጣች ሴት። ሁለቱ ሥራ ተካፈሉ። መልኬሂ ባንኮችንና ደንበኞችን ያዘች፤ ኡርሱላ ውስጡን። በደንብ ይጨቃጨቁ እንደነበር ሁለቱም አልደበቁም። መልኬሂ የምታስበው ሁሉ ፊትሽ ላይ ይነበባል፣ እሱን መደበቅ ተማሪ ትላት ነበር።

«ቅጥር ይቁም ብሎ ሊያስቆመው የሚችለው ማነው?» ብላ የጠየቀችው ልጅ፣ ከ10 ዓመት በኋላ መልሱ እሷ ራሷ ሆነች። በ2001 ከማምረቻው አንድ ትልቅ ክፍል ፍሌክስትሮኒክስ ለሚባል የውጭ አምራች ተላለፈ። ሮቸስተር ካሉት የሠራተኛ ማኅበር ተወካዮች ጋር ተቀምጣ መደራደር የእሷ ድርሻ ነበር። ይሄን ሥራ ካልቀነስን የሚቀር ሥራ የለም የሚል ንግግር ነው። በ2000 የዜሮክስ ሠራተኛ ከ90,000 በላይ ነበር። በ2004 ከ60,000 በታች ወረደ።

ይሄን ክፍል ብዙ አነቃቂ ንግግሮች ይዘሉታል። እኔ አልዘለውም። ከ1964 በኋላ ሮቸስተር ላይ በትግል የተከፈተው የፋብሪካ በር፣ በዚያው በር የገባች ሰው እጅ ጠበበ። ጨካኝ ነበረች ማለቴ አይደለም። ባይቀነስ ኖሮ ድርጅቱ ይዘጋ ነበር የሚለው ክርክር ጠንካራ ነው። ገንዘብ ሲያልቅ ብዙ ድርጅት መጀመሪያ የሚቆርጠውን የምርምር በጀትም አድነውታል። በዚያ የተነሣ አዳዲስ የቀለም ማሽኖች ወጡ፤ ገቢው በእነሱ ተደገፈ። ግን ደብዳቤ ደርሶት ዕቃውን በካርቶን ይዞ ለወጣው ሰው ክርክሩ ምንም አይደለም።

ሚያዝያ 2007 ፕሬዚዳንት ሆነች። ሐምሌ 1 ቀን 2009 መልኬሂን ተክታ ዋና ሥራ አስፈፃሚ። ከፎርቹን 500 ድርጅቶች በአንዱ ሴት ሴትን ስትተካ ያኔ የመጀመሪያ ነበር። በዓመቱ የቦርድ ሊቀመንበርነቱም ተጨመረላት።

ትልቁ ውርርድ

ወንበሩን የያዘችው ዓለም በገንዘብ ቀውስ በታመሰበት ዓመት ነው። ከቀውሱ የባሰ ጉዳይም ነበር። ሰው ማተም እየተወ ነው። ኢሜይል አለ፣ ፒዲኤፍ አለ። (እኛ አገር ወረዳ ጽሕፈት ቤቶች ይሄን ገና አልሰሙም፤ ዜሮክስ ግን በወረዳ ብቻ አይኖርም።)

ወንበሩ ላይ ሦስት ወር ሳይሞላት፣ መስከረም 2009፣ አፊሊየትድ ኮምፒዩተር ሰርቪስስ የሚባል ድርጅት በ6.4 ቢሊዮን ዶላር ልንገዛ ነው አለች። ይሄ ድርጅት ማሽን አይሠራም። የሌሎችን የቢሮ ሥራ ተቀብሎ ይሠራል። የመንገድ ቀረጥ ይሰበስባል፣ የጤና መድን ጥያቄ ያጣራል፣ የስልክ ጥሪ ማዕከል ያስተዳድራል። ሐሳቡ የኢንጂነር ሐሳብ ነው ብዬ አስባለሁ። ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ እናውቃለን፤ ወረቀቱ ቢጠፋ መንገዱን እንሽጥ።

ባለ አክሲዮኖች አልወደዱትም። በዚያው ቀን የዜሮክስ አክሲዮን ዋጋ ከ10 በመቶ በላይ ወደቀ። እሷ አልተመለሰችም። የካቲት 2010 ግዥው ተጠናቀቀ። ሠራተኛው 130,000 ገደማ ደረሰ። ብዙ ሳይቆይ የገቢው ግማሽ ያህል ከአገልግሎት መምጣት ጀመረ። ከሣጥን ሻጭነት ወጥተናል ለማለት ጥቂት ዓመት በቂ ሆነ።

ከዚያ ጥርሱ መነቃነቅ ጀመረ። ማሽን ሲበላሽ ቴክኒሻን ትልካለህ፤ የመንግሥት ፕሮጀክት ሲበላሽ ግን ፍርድ ቤት ትቆማለህ። በ2014 የኔቫዳ ግዛት የጤና መድን ገበያውን ድረ ገጽ ሥራ ከዜሮክስ ላይ አነሣ። በዚያው ዓመት ቴክሳስ በሜዲኬይድ (መንግሥት ለድሆች የሚከፍለው የጤና መድን) የጥርስ ሕክምና ፈቃዶች የተነሣ ውሉን አቋርጦ ከሰሰ። ክሱ የተዘጋው በ2019 ነው፤ የተከፈለው 236 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። የማሽኑ ሽያጭ ደግሞ መቀነሱን አላቆመም። በ2015 ካርል አይካን የሚባለው ባለሀብት አክሲዮን ሰብስቦ መጣ። አይካን የአንድ ድርጅት አክሲዮን ሲገዛ የዚያ ድርጅት አለቆች እንቅልፍ ያጣሉ።

ጥር 2016 ድርጅቱ ለሁለት ሊከፈል መሆኑ ተነገረ። ማሽኑ ዜሮክስ በሚለው ስም ይቀጥላል፣ አገልግሎቱ ኮንዱዌንት ተብሎ ይወጣል። በ2010 የተጋጠመው በ2017 መጀመሪያ ተፈታ።

እንግዲህ ተሳካላት ወይስ አልተሳካላትም? አልተሳካላትም የሚሉ አሉ፣ ራሷ የገጠመችውን ራሷ ፈታች ብለው። እኔ ይሄን ያህል አልቸኩልም። ማተም እየቀረ መሆኑን በደንብ አይታለች፤ በዚህ አልተሳሳተችም። የተሳሳተችው ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸውን ቤቶች ባንድ ጣሪያ ማኖርን ቀላል አድርጋ በማየቷ ይመስለኛል። አንደኛው በአሥር ዓመት የሚያስብ የምርምር ቤት ነው። ሌላው ጨረታ አሸንፎ፣ ወጪ ቆርጦ፣ በሳንቲም የሚያተርፍ። የወረቀት መንገድን የሚያውቅ ኢንጂነር ለዚህ መድኃኒት የለውም።

ወንበሩን የለቀቀችው በ2016 መጨረሻ ነው። ቀጥሎ ቪዮን የሚባለውን፣ ያኔ ዋና ቢሮው አምስተርዳም የነበረ የቴሌኮም ድርጅት መራች፤ ከ2017 ጀምሮ በሊቀመንበርነት፣ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ በዋና ሥራ አስፈፃሚነት። ከዚያ በፊት ኦባማ በ2009 ለሳይንስና ሒሳብ ትምህርት ባቋቋመው ብሔራዊ ጥረት ከመሪዎቹ አንዷ አድርጓት ነበር። የተማረችበት ፖሊቴክኒክ ዛሬ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ቤት ሆኗል።

እናቷ ኦልጋ ይሄን ሁሉ አላየችም። ሴት ልጇ ገና ጀማሪ ኢንጂነር ሳለች ነው ያረፈችው።

ኡርሱላ ከዜሮክስ ስትወጣ ከ500ዎቹ ድርጅቶች መሃል በጥቁር ሴት የሚመራ አንድም አልቀረም። በቋሚነት የተሾመች ቀጣይዋ ሮዛሊንድ ብሩወር ናት፤ መድኃኒት ቤቶቹን ዋልግሪንስን ልትመራ በመጋቢት 2021 ሥራ ጀመረች። በመሃሉ አራት ዓመት ከጥቂት ወር አልፏል።